ከፈተናው በፊት የወደቅኩት ፈተና



ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ከአንድ ዓመት በላይ አመንትቻለሁ። የማወራው ስለማፍርበት ሌሊት ነውና። ብዙዎቻችን ግን ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የቅጥር ፈተና እያጠናን ነው። እኔ በአንድ ሌሊት የተማርኩት ነገር ምናልባት አንዳችሁን ይጠቅም ይሆናል ብዬ በመጨረሻ ጻፍኩት።

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። ሕይወቴ ማስታወቂያ ሰሌዳ ማንበብ፣ የትምህርት ማስረጃ ኮፒ ማድረግ፣ መመዝገብ፣ መፈተንና "እንደውላለን" መባል ሆኖ ነበር። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከዐስር ሰላት በኋላ እኛ ቤት እየተሰበሰብን እናጠናለን። አንዷ ሒሳቡን፣ ሌላዋ እንግሊዝኛውን ያዙ። ለእኔ "ወቅታዊ ጉዳዮች" ደረሰኝ፤ በተለይ የተፈጥሮ አደጋና ቴክኖሎጂ።

ለዚሁ ብዬ ሰማያዊ ደብተር ገዛሁ። ቴሌግራም ላይ የሚለቀቁትን ጥያቄዎች ሁሉ እገለብጣለሁ። የጎፋ ዞን የመሬት መንሸራተት መቼ ደረሰ? ሐምሌ 15 ቀን 2016። በየትኛው ክልል? ደቡብ ኢትዮጵያ። የመሬትን እንቅስቃሴ በራዳር የምትለካው የአውሮፓ ሳተላይት ማን ትባላለች? ሴንቲኔል-1። ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ብቻ አርባ ጥያቄ ነበረኝ። አርባውንም በቃሌ እወጣዋለሁ። ጓደኞቼ አንድም ስለማልስት "ሬክተር" የሚል ስም አወጡልኝ።

ያኔ የ2017 የመጀመሪያዎቹ ወራት ነበሩ። አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማል። እያጠናን ሳለ አምፖሉ ሲወዛወዝ ቀና ብለን እናያለን፣ "ሱብሓነላህ" እንላለን። ከዚያ እኔ ደብተሬን ከፍቼ ቀኑንና መጠኑን እመዘግባለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በአፋርና በኦሮሚያ ቤታቸውን ጥለው የሚወጡት ሰዎች ጭንቀት ለእኔ "ሊመጣ የሚችል ጥያቄ" ሆኖ ነበር።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቴ ለሥራ ጅዳ ናት። ስትሄድ አያቴን ለእኔ አደራ ብላ ነው የሄደችው። አያቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ መውረድ ትልቅ ሥራዋ ነው። ከቤት የምትወጣው ለሐኪምና ለዒድ ብቻ ነበር።

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017፣ ዐርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ሱብሒ ገና አልደረሰም። አልጋዬ ከስር እንደተገፋ ሆኖ ነቃሁ። ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ፤ በሩ ይንኳኳል፣ የሚያንኳኳ ሰው ግን የለም። በኋላ እንደተነገረው መጠኑ ወደ 5.8 የሚጠጋ ነበር፤ በዚያ ሰሞን እስከዚያ ቀን ከተሰሙት ሁሉ የከበደው።

እኔ ምን አደረግኩ? ስልኬን አነሳሁና ሮጥኩ።

በባዶ እግሬ ደረጃውን ወረድኩ። መብራት አልነበረም። ሰው ከየፎቁ እየወጣ ይገፋፋል፣ ልጆች ያለቅሳሉ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ የጎረቤት ልጅ ከሰው እግር ስር ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ታች ስንደርስ ሁላችንም ሕንፃው ጥግ ተጠግተን ቆምን፤ ከላይ ነገር ቢወድቅ በቀጥታ እኛ ላይ ነው። ይህን ያኔ ማንም አላሰበውም፤ አርባ ጥያቄ የምመልሰው እኔም አላሰብኩትም።

ያኔ ከሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንድ እናት ፊቴን አይተው፣ "አያትሽስ ልጄ?" አሉኝ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን እስካሁን የምገልጽበት ቃል አላገኘሁም። ስልኬ እጄ ላይ ነበር። አያቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበረች።

እያለቀስኩ ወጣሁ። በሩ እንደተውኩት ተከፍቷል። አያቴ ከቡፌው ርቃ፣ ከአልጋዋ ጎን መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ትራሷን ራሷ ላይ አድርጋዋለች፣ በአንድ እጇ ደግሞ የአልጋውን እግር ይዛለች። ከቡፌው አናት ላይ ፔርሙዙ ወድቆ፣ ራሴን በማደርግበት በኩል ትራሴ ላይ ተሰባብሯል። ስታየኝ አልተቆጣችም። "መጣሽ? አብሽሪ፣ ደህና ነኝ" አለችኝ። ተቆጥታኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"እማማ፣ እንደዚህ መደረግ እንዳለበት ማን ነገረሽ?" አልኳት።

ያኔ ነው ከዚያ በፊት ነግራኝ የማታውቀውን ያወራችኝ። አያቴ የተወለደችው በካራቆሬ አካባቢ ነው። ግንቦት 1953 መጨረሻ ላይ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች፣ በአካባቢው ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ማጀቴ የምትባለው ከተማ ፈረሰች፤ ካራቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ። እነርሱ ለብዙ ሌሊት ሜዳ ላይ አደሩ። አባቷ ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ከመኝታ በላይ ከባድ ነገር አላስቀመጠም፤ አልጋንም ከግድግዳ ያርቅ ነበር። ልጆቹንም፣ "ስትንቀጠቀጥ የሚወድቀውን ራቅ፣ የማይወድቀውን ያዝ፣ ስታቆም ውጣ" ብሎ አስተማራቸው።

ይህ ሁሉ ደብተሬ ውስጥ አልነበረም። የ1953ቱ ነገር "ወቅታዊ" አይደለማ! በዚያው ቤት፣ በዚያው ጣሪያ ስር፣ በሕይወት የተፈተነች ሴት እያለች እኔ መልሱን ቴሌግራም ላይ እፈልግ ነበር።

ነግቶ እናቴ ከጅዳ ደወለች። ዜናውን ሰምታ ኖሮ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። "እማማን ይዘሻት ወረድሽ?" አለችኝ። "አዎ፣ አብረን ወረድን" አልኳት። ዋሸሁ። አያቴ አጠገቤ ተቀምጣ ሰምታለች፤ ምንም አላለችም።

በዚያው ቀን ደግሞ ክንዱ የተሰበረው ልጅ እናት በሬን አንኳኳች። "አንቺ ስለዚህ ነገር ታጠኛለሽ ይላሉ፤ ድጋሚ ቢመጣ ምን እናድርግ?" አለችኝ። ደብተሬን ከፈትኩ። ቀን አለ፣ መጠን አለ፣ የሟች ቁጥር አለ፣ የሳተላይት ስም አለ። ለእሷ የሚሆን አንድ መስመር ግን አልነበረም።

አንዳንድ ጎረቤቶች "የአላህ ውሳኔ ነው፣ ምን ይደረጋል" ሲሉ አያቴ ሰምታ፣ "ቀደሩ የአላህ ነው፤ ፔርሙዙን ከራስጌሽ ያስቀመጥሽው ግን አንቺ ነሽ" አለችኝ። ተወኩል ሰበብን ከማድረስ ጋር እንደሆነ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

ከዚያ ሰማያዊውን ደብተር ገልብጬ ከኋላ ጀመርኩት። ለእያንዳንዱ አደጋ አራት ጥያቄ ጻፍኩ፦ ምን ሆነ? ቀድሞ ያወቀ ማን ነው? ለማን ደረሰ? የሰማው ሰው ምን አደረገ? የመጀመሪያው ጥያቄ ፈተና ላይ ይመጣል። ሰው የሚተርፈው ግን በሌሎቹ ሦስቱ ነው።

መጀመሪያ የራሳችንን አዋሽ ፈንታሌን ያዝኩ። ሴንቲኔል-1 ከ690 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና ራዳር ትልካለች፤ ደመናም ጨለማም አያግዳትም። በ12 ቀን አንዴ በዚያው መንገድ ትመለሳለች። የፊተኛውና የኋለኛው ምስል ሲነጻጸር መሬቱ በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ከፍ ወይም ዝቅ ቢል እንኳ ይታያል። በዚህ መንገድ ነው ባለሙያዎች ከፈንታሌና ከዶፋን ተራሮች አካባቢ ስር ቅልጥ አለት መሬቱን እየሰነጠቀ መግባቱን ያዩት። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከአካባቢው እንዲርቁ ተደረገ።

ነገር ግን ልብ በሉ፣ ይህቺ ሳተላይት "ነገ ሌሊት በ10 ሰዓት ይንቀጠቀጣል" ብላ አትናገርም። እንዲህ ብሎ የሚናገር መሣሪያ በዓለም ላይ የለም። ጃፓን ከ2007 እንደ ፈረንጆች ጀምሮ ለሕዝብ የምትልከው ማስጠንቀቂያ እንኳ መንቀጥቀጡ ከጀመረ በኋላ ነው የሚነሳው፤ ፈጣኑና ደካማው ሞገድ ሲመዘገብ፣ አጥፊው ሞገድ ከመድረሱ በፊት። የሚገኘው ጊዜ በሰከንድ ይቆጠራል። በዚያች ሰከንድ ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ ያልተለማመደ ሰው፣ ማስጠንቀቂያው ቢደርሰውም እንደ እኔ ስልኩን ይዞ ነው የሚሮጠው። በቴሌግራም "ነገ በዚህ ሰዓት ሊመጣ ነው" እያሉ የሚያሰራጩትን አትመኑ፣ አታሰራጩም።

ቀጥሎ ጎፋን ያዝኩ። የገዜ ጎፋ ወረዳው ናዳ ከ200 በላይ ሰው እንደገደለ በቃሌ አውቅ ነበር። እንዴት እንደገደለ ግን አላውቅም ነበር። መጀመሪያ የወረደው ናዳ ጥቂት ቤቶችን ቀበረ። ሰው ወገኑን ለማውጣት በእጁም በአካፋም እየቆፈረ ሳለ ሁለተኛው ናዳ ወርዶ አዳኞቹን ቀበራቸው። የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች ሊያድኑ ሮጠው እዚያው ቀሩ። እኔ ከሰው ሸሽቼ በሮጥኩበት ዓይነት ሰዓት እነርሱ ወደ ሰው ሮጡ። ደብተሬ ላይ ቁጥር የነበሩት ያን ዕለት ሰው ሆኑብኝ። ትምህርቱም ይህ ነው፦ ዝናብ የጠጣ ተራራ አንዴ ከተናደ ገና አልጨረሰም። ሌላው ሲቆፍር አንድ ሰው ዓይኑን ከተራራው ሳይነቅል ቆሞ የሚጮህበት ቦታ ያስፈልጋል። ይህ ሳተላይት አይጠይቅም፤ ጉሮሮ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ሦስተኛው ባንግላዴሽ ነው። በ1970 እንደ ፈረንጆች፣ በኅዳር ወር፣ ቦላ የተባለው አውሎ ነፋስ ባሕሩን ይዞ ወጥቶ ቢያንስ 300 ሺህ ሰው ፈጀ። ችግሩ አውሎ ነፋሱ አለመታወቁ ብቻ አልነበረም፤ ወሬው በዳርቻ ላለው ገበሬና ዓሣ አጥማጅ በጊዜና በሚገባው ቋንቋ አለመድረሱም ጭምር ነው። ከዚያ በኋላ አገሪቱ በጎ ፈቃደኞችን አደራጀች። ዛሬ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹም ሴቶች ናቸው። ሳተላይቱ ማዕበሉን ያያል፣ ጽሕፈት ቤቱ ያውጃል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ግን የሚጨርሱት በእግራቸው የሚሄዱ፣ ባንዲራ የሚሰቅሉ፣ ድምፅ ማጉያ የያዙ የመንደሩ ልጆች ናቸው። የመስጂድ ማይክራፎንም ለዚሁ ይውላል። በ2020 አምፋን የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ቀድሞ ወደ መጠለያ ገባ፤ በባንግላዴሽ የሞቱት በአስር የሚቆጠሩ ነበሩ። ከ300 ሺህ ወደ አስሮች! ድህነቱ አልጠፋም፣ ማዕበሉም አልተወም። የተለወጠው የመጨረሻዋን መንገድ የሚሄድላት ሰው መገኘቱ ነው።

አራተኛው የአያቴ ጓደኞች ናቸው፤ እንዲህ ነው የምጠራቸው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሲሙሉ የምትባል ደሴት አለች፤ ሕዝቧ ሙስሊም ነው። በ1907 እንደ ፈረንጆች ባሕር ወጥቶ ብዙ ሰው አጠፋባቸው። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎች ለልጆች፣ እናቶች በእሹሩሩ ሳይቀር አንድ ነገር ያስተምሩ ነበር፦ መሬት በብርቱ ተንቀጥቅጦ ባሕሩ ከሸሸ፣ ወደ ኮረብታ ሩጥ። በታኅሣሥ 2004 በውቅያኖሱ ዙሪያ ወደ 230 ሺህ ሰው ሲያልቅ፣ ከመንቀጥቀጡ መነሻ አጠገብ የነበረችው ሲሙሉ ከ70 ሺህ በላይ ከነበረው ሕዝቧ ያጣችው ሰባት ሰው ብቻ ነው። ሳይረን አልነበራቸውም፣ የስልክ መልእክትም አልደረሳቸውም። የነበራቸው ያልተረሳ ወሬ ነው። እኛ ዘንድም የካራቆሬው ወሬ ነበረ፤ ጠያቂ ስላጣ ዝም ብሎ ስልሳ አራት ዓመት ቁጭ አለ እንጂ።

አምስተኛውን የጻፍኩት በቅርቡ ነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 አፋር ውስጥ በኤርታ አሌ ሰንሰለት ያለው ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንንና ኦማንን አልፎ እስከ ሰሜን ሕንድ ሄደ። ፈረንሳይ ቱሉዝ ከተማ ያለ የእሳተ ገሞራ አመድ ተከታታይ ማዕከል ለአብራሪዎች ማሳወቂያ አወጣ፤ በሕንድ በረራዎች ተሰረዙ። አልሐምዱሊላህ፣ በሰው ሕይወት ላይ የደረሰ ጉዳት አልተነገረም። አፍዴራ አካባቢ ግን የግጦሹ መሬት በአመድ ተሸፈነ፤ ድምፁን እንደ ቦምብ ነው የሰማነው ያሉ ነበሩ። አስቡት፦ ቴክኖሎጂው በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚበር አውሮፕላን መንገድ ያስቀይራል። "አፍና አፍንጫህን በጨርቅ ሸፍን፣ የውሃውን ዕቃ ክደን፣ ፍየሎቹ አመድ ያለበትን ሣር እንዳይግጡ አርቃቸው" የሚለውን በአፋርኛ ለአርብቶ አደሩ የሚያደርሰውስ ማን ነው? ይህ የሳተላይት ጥያቄ አይደለም። ይህ የመንግሥት ሠራተኛ ጥያቄ ነው። እኔ ልቀጠርበት የምፈተነው ሥራ ማለት ነው!

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የበራልኝ። ፈተናው ይህን ሁሉ የሚጠይቀን ቁጥር እንድናስታውስ ብቻ አልመሰለኝም። ነገ በአንድ ወረዳ ጠረጴዛ ላይ ስንቀመጥ፣ የሆነ ወረቀት "ከባድ ዝናብ ይጠበቃል" ብሎ ይደርሰናል። ያን ወረቀት ፋይል ውስጥ የሚያስገባ ሠራተኛና ስልክ አንስቶ ተራራው ስር ላለው ቀበሌ የሚደውል ሠራተኛ በፈተና እኩል ነጥብ ሊያመጡ ይችላሉ። ልዩነታቸው የሚታወቀው ዝናቡ ሲመጣ ነው።

እኛ ብሎክ ውስጥ ምን አደረግን? ትልቅ ነገር አይደለም። ከጎረቤቶች ጋር ቡና ላይ ተቀምጠን አንድ ወረቀት ጻፍንና ደረጃው መግቢያ ላይ ለጠፍነው። ሲንቀጠቀጥ ደረጃ አትሩጥ፤ ከመስታወትና ከሚወድቅ ዕቃ ራቅ፣ ጎንበስ በል፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ስር ግባ ወይም ከአልጋ ጎን ራስህን ሸፍን። ሲያቆም ጋዙን ዝጋ፣ ጫማ አድርግ፣ ሳትገፋ ውረድ። ታች ስትደርስ ከሕንፃ፣ ከአጥርና ከመብራት ምሰሶ ርቀህ ሜዳው ላይ ቁም። ከዚህ ስር ደግሞ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠውን ጻፍን፦ በብሎኩ ውስጥ ብቻቸውን መውረድ የማይችሉ ሰዎችን ስም፣ ከጎኑም ማን ማንን ይዞ እንደሚወርድ። ስድስት ሰው ተገኘ። አንደኛዋ አያቴ ናት፤ ለእሷ እኔና ሦስተኛ ፎቅ ያሉ ሁለት ወንድማማቾች ተመደብን።

አንድ ቅዳሜ ተለማመድነው። አያቴን ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ ልጆቹ ከፊትና ከኋላ ይዘው አወረዷት። ታች ስትደርስ እየሳቀች "ሙሽራ አደረጋችሁኝ እኮ!" አለች። ከዚያ የብሎኩን ልጆች ሰብስባ የካራቆሬውን ወሬ ከመጀመሪያው ጀምራ አወራቻቸው። ክንዱ ተሰብሮ የነበረው ልጅ አሁን፣ "የሚወድቀውን ራቅ፣ የማይወድቀውን ያዝ፣ ስታቆም ውጣ" የሚለውን እንደ ዘፈን እየደጋገመ ደረጃ ይወጣል።

ፈተናው በዚህ ዓመት ደረሰና ተፈተንኩ። ስለ ሃይሊ ጉቢ አንድ ጥያቄ ነበረ፤ መለስኩት። ውጤቱ ገና ነው፤ ዱዓ አድርጉልኝ።

ይህን ጽሑፍ ከመልቀቄ በፊት ግን አንድ የቀረ ነገር ነበረኝ። ትናንት ማታ ጅዳ ደወልኩና ለእናቴ እውነቱን ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በኋላ "አሁንስ ማን ነው የሚያወርዳት?" አለችኝ። ሦስታችንንም በስም ነገርኳት። "ሂጂ አንድ ጊዜ ደግማችሁ አውርዷት" ብላ ዘጋችው።

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ! ዛሬ ማታ ጥያቄና መልስ ከማጥናትህ በፊት፣ ከማጥናትሽ በፊት፣ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፦ በእኛ ቤት መሮጥ የማይችለው ማን ነው? እሱንስ የሚይዘው ማን ነው? መልሱን በስም ጻፉት።

አላህ አገራችንን፣ ወላጆቻችንንና አቅመ ደካሞቻችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።